ከኮሶዬ እስከ ጅማ የተጓዘው ወጭት

ከጅማ ጎንደር በአውቶቡስ ሦስት ቀን ነው፤ መኪናው ጤነኛ ከሆነ። የእኔ ጤነኛ ስላልነበረ አራት ፈጀብኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የትምህርት ቤታችን መምህራን በየዕረፍቱ «እስቲ ንገረን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ወሬውን ስጀምር ሐሳቤ ወደ ሌላ ይነጉድና ደወሉ ይቀድመኛል። ስለዚህ እንዲህ በጽሑፍ አደረግኩት። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አገር እግራችሁ እንደማይደርስ አውቃለሁ። እኔም ብሆን የጂኦግራፊ አስተማሪ ተብዬ የሰሜንን ተራሮች በጠመኔ ስስል ነው የኖርኩት።

የሄድኩት ግን ተራራ ለማየት አልነበረም። አባቴ ልኮኝ ነው።

እኛ የጎንደር ሙስሊሞች ነን። አባቴ ሰይድ በደጉ ዘመኑ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከጎንደር ደባርቅ ገበያ ሲመላለስ ሁልጊዜ ኮሶዬ ላይ አያ ቢሻው ከሚባሉ ገበሬ ቤት ያድራል። አያ ቢሻው ክርስቲያን ናቸው። በዚያ አገር እስላም ያረደውን ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም። ወዳጅነት ግን ስለማይቀር፣ ወዳጅ ያለው ቤት ለወዳጁ ዕቃ ይለይለታል። የአያ ቢሻው ሚስት ወይዘሮ ውድነሽ አንድ ድስትና አንድ ወጭት ለአባቴ ብላ በእጇ አሟሽታ ግድግዳ ላይ ሰቅላለት ነበር። ወጭት ለማታውቁት፣ ወጥ የሚቀርብበት ጎድጎድ ያለ የሸክላ ሳህን ነው። አባቴ ሲደርስ ዶሮና ቢላዋ ይሰጠዋል፤ እሱ ያርዳል፣ እሷ በዚያ ድስት ትሠራለች፣ በዚያ ወጭት ይበላል። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም።

ከዚያ የሰሜኑ መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ፤ ንግዱም ሞተ። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደ ጅማ መጣን። ከመጣን በኋላ ወይዘሮ ውድነሽ ማረፏን ሰማን፤ የሰማነውም ከወራት በኋላ ነው። አባቴ ለቅሶ አልደረሰም። መጀመሪያ መንገዱ ዝግ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ «አሁን ምን ፊት ይዤ ልሂድ» አለ። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አምና ልቡ ደከመና ከፍራሽ ላይ ዋለ፤ እንቅልፍም አጣ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፣ እናቴም ወተት በማር ሰጠችው፣ አልተኛም። አንድ ቀን ጠርቶ አስቀመጠኝ።

«ኑሩ፣ ኮሶዬ ሂድልኝ» አለኝ። «ቢሻውን አውፍ አስብልልኝ።»

አውፍ በእኛ ዘንድ ይቅርታ ነው፤ ሰው ሳይሞት በፊት የበደለውን የሚጠይቀው።

«አውፍ ካለ፣ ቃሉን ከአፉ ሰምተህ ና። አፉ ባይፈታለት ደግሞ ወጭቱን እይ። በዚያ ወጭት ካበላህ አውፍ ብሎኛል፤ ሌላ ነገር አትጠይቀው።»

በጥቅምት ማለቂያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ከጅማ ተነሣሁ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የሙዝ ዘለላ፣ ፍራሽና አንድ የተገለበጠ አግዳሚ ወንበር ተጭኗል፤ እኔ የያዝኩት ቦርሳዬንና አባቴ ለአያ ቢሻው የላከውን አንድ ቁና የጅማ ቡና ነው። አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ አንድ አመል አለብኝ። ዓይኔን ገልጬ እተኛለሁ። ጫካው፣ ቡናው፣ ጭጋጉ በመስኮት ሲያልፍ እኔ ያለሁበት ቦታ አልኖርም። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩ። ወዲያው ከኋላዬ አሥር ድምፅ ተነሣ፤ «ዝጋው! ነፋስ ሊያስመታን ነው?» የሚገርመው ሁሉም በላብ ተጠምቀዋል። ዘጋሁት። አዲስ አበባ ስንደርስ እንደ ድንች ተቀቅለን ነበር።

በማግስቱ የጎንደሩን አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ትርንጎ የሚባሉ የጎንደር ሴት ናቸው፤ አዲስ አበባ የወለደች ልጃቸውን አርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ። ገና ሳንንቀሳቀስ ሎሚ ሰንጥቀው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ ግማሹን በአፍንጫቸው ሥር ያዙ። ከዚያ የመስኮቱን መያዣ አንዴ ገፋ አድርገው መዘጋቱን አረጋገጡ።

የአባይን በረሃ ስንወርድ ሹፌሩ ሞተሩን በዝግታ እያስጓራ፣ መሪውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ነበር። ታች ያለው ድልድይ መጀመሪያ ክር ያህላል፤ ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ ድልድይ ይሆናል። እኔ ይህን ወንዝ ስንት ጊዜ በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ አውርጄዋለሁ! እውነተኛው ቡናማ ነው። የአባቴ ዓመታት እንደዚህ እንደሚዞረው መንገድ መሰሉኝ፤ ማዶው ሰው በግልጽ እየታየ፣ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ። ስነቃ ራሴ እትዬ ትርንጎ ትከሻ ላይ ነበር። «ተኛ ልጄ፣ ምን ቸገረህ» አሉኝ። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ አልጋ አልቆ ስለነበር ከአንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ ጋር አንድ ክፍል ተጋራን። ሰውየው ከሸቀጡ ሁለቱን አውጥቶ አለበሰኝ፤ ጠዋት አጥፎ ወደ ጆንያው መለሳቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ባሕር ዳርን በሰላም አለፍን፣ አዲስ ዘመንም ምሳ በላን። እንፍራንዝ ልንደርስ ስንል ከሥር እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ተሰማና መኪናው ወደ አንድ ጎኑ ዘመመ። ባሌስትራ ተሰበረ ተባለ፤ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ብረት ነው። ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ጥቂት ቆየና በጀርባው እየተሳበ ወጣ።

«መለዋወጫው የሚመጣው ከጎንደር ነው» አለ። «ዛሬ እዚሁ ነን። የተናደደ ካለ እኔንም ይጨምረኝ።»

ከተማይቱ ድረስ በእግር ገባን። እኔ ግን በልቤ አባቴን ነበር የማስበው። አንድ ቀን ማለት ለእሱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ነው። ደግሞም ስንት ቀን እንደቀረው ማን ያውቃል? እትዬ ትርንጎ አንዲት የሚያውቋት ባለ ሆቴል ጋ ይዘውኝ ሄዱ። ሴትየዋ ፊቴን አይታ፣ «ምነው እንዲህ ጠቆርክ?» አለችኝ። ጥብስ እንደማልበላ ስነግራት ትንሽ አሰበችና ከጓሮ ገባች። ስትመለስ ከጣና የመጣ ዓሣ በትልቅ ሰሃን ይዛለች።

«ዓሣ አይታረድም» አለች። «እኛም እንበላለን፣ አንተም ትበላለህ። ና፣ ቅረብ።»

እትዬ ትርንጎ፣ ሹፌሩ፣ ባለ ሆቴሏና እኔ ከአንድ ሰሃን በላን። ጅማ ውስጥ ዓሣ ማለት እሾህ ነው፤ እዚያ ማታ የበላሁት እሾህ እንኳ የነበረው አይመስለኝም። ስለ ጉዛራ ቤተ መንግሥት የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ በመስኮት አየሁት፤ ኮረብታ ላይ ነው፣ የቀረውን እትዬ ትርንጎ ይጠየቁ።

ጎንደር የደረስነው በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ነው። የእናቴ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ትኖራለች። በሩ ላይ ቆማ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ቁመቴን ለክታ «ምን እያበሉህ ነው እዚያ ደቡብ?» ብላ ተቆጣች። ከተማው በልጅነቴ ትቼው ከሄድኩት ያነሰ መሰለኝ። ያኔ ከሰፈራችን ፒያሳ ለእኔ ሌላ አገር ነበር፤ አሁን እየተጓዝኩ ነው ብዬ ሳላበቃ ደረስኩ። የጣሊያን ሕንፃዎቹ፣ ቡና ቤቶቹ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ደረጃ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ጅማ ቤቱን ሁሉ ዛፍ ይውጠዋል። እዚህ ድንጋዩ ራሱን አጋልጦ ፀሐይ ይሞቃል።

ለአክስቴ ጉዳዬን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ሽማግሌው በሕይወት አለ» አለችኝ። «ገበያ ላይ አየዋለሁ። ግን ወላሂ ኑሩ፣ እኔን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። አንድ ጊዜ ተጣርቼ ሁሉ ዝም ብሎኝ አለፈ። ቂም ይዟል። አባትህም አጥፍቷል፤ ያቺን ሴት ሳያለቅሳት መቅረት ነበረበት?»

ያን ማታ የቀረበልኝን አልቀመስኩትም። እንዲህ ያለ ሰው አውፍ ይላል ብዬ እንዴት ልመን?

አምስተኛው ቀን። የደባርቅ መኪና ገና ጠዋቱን ሞልቶ ተነሣ። ከጎንደር እስከ ኮሶዬ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሩቅም አይደለም። ግን በዚያች አጭር መንገድ አየሩ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ሸተተ፣ ከዚያ የታጨደ ገብስ፣ ከዚያ ምንም የማይሸት ንጹሕ ብርድ። በግራ በኩል መሬቱ ድንገት አለቀ። ገደል ነው፤ ከታች ቆላው በሰማያዊ ጭጋግ ተሸፍኖ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። ደመናው ከእኛ በታች ነበር። ለተማሪዎቼ «ደመና ከላይ ነው» ብዬ ያስተማርኩት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ነፋሱ እንዲነካኝ ብዬ መስኮቱን ከፈት አደረግኩ። «ዝጋው!» አሉኝ።

ኮሶዬ መንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ወርጄ ጠየቅኩና በእርሻ መሐል ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድኩ። የአያ ቢሻውን ቤት አይቼው አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አንድ ጊዜ ይዞኝ መጥቶ ነበር። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ወይዘሮ ውድነሽ ከድስት የወጣ ትኩስ ባቄላ በሁለቱም ኪሶቼ ሞላችልኝ። እጄን ከትታ «ያዘው፣ ይሙቅህ» አለችኝ። እስኪበርድ ድረስ አልበላሁትም።

ለቅሶ ሳይደርስ የቆየ ሰው፣ ስንት ዓመት ቢያልፍ እንኳ፣ ደጃፍ ሲደርስ ማልቀስ አለበት። መንገዱን ሙሉ ይህ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሐዘን እንባ ከየት ይመጣል? ግቢው በር ላይ ስደርስ ግን እጄን ሳላስበው ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አያ ቢሻው ከውስጥ ወጡ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ አብረውኝ አለቀሱ። ኋላ ዓይናቸውን ጠርገው ተመለከቱኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሰይድ ልጅ ኑሩ ነኝ።»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ቀዘቀዘ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ወደ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ወጭቱ አለ! ድስቱም ከጎኑ ተሰቅሏል። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ጠርዙ ትንሽ የጎደለ። ደስ ብሎኝ ቡናውን ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ተነሥቼ ቆሜ መልእክቴን ተናገርኩ።

«አባቴ ታሟል፤ እንቅልፍ የለውም። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፣ አውፍ ይበለኝ ብሎ ልኮኛል።»

አያ ቢሻው መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ፣ «ደክሞሃል። መጀመሪያ እህል ቅመስ» አሉኝ። ወጡና አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘው ከነቢላዋ ሰጡኝ።

እኔ በሕይወቴ አርጄ አላውቅም። ጅማ ጎረቤታችን ነው የሚያርድልን። ቢስሚላህ ብዬ ስጀምር አያያዙን አላወቅኩበትም፤ ዶሮዋ አንድ ጊዜ ተራገፈችና አጥሩን ዘልላ ገብሱ ውስጥ ገባች። ያለም የምትባለው የአያ ቢሻው ምራት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

«ውይ በስመ አብ! አባትህ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። «ተዋት፣ ዕድሜ ሰጥተሃታል። እንቁላል ልጥበስልህ።»

እንቁላሉና የገብስ ዳቦው ቀረበ። የቀረበው ግን በወጭቱ አይደለም። ያለም መንገድ ማዶ ካሉ ሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ሮጣ አበባ ያለበት የብረት ሳህን ተውሳ መጥታ፣ በእሱ ነው። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። አያ ቢሻውም እኔን አዩኝና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከራሴ በላይ ሁለት ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ተሰቅሎ እያለ፣ ጎረቤት ተሂዶ ሳህን ይለመናል? ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለስኩት። አውፍ አላሉትም ማለት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደገና ሞከርኩ። «ነገ እንነጋገራለን» አሉ። ብርድ ልብስ ሁለት ደርበውልኝ፣ ምድጃው አጠገብ አስተኝተውኝ፣ እግሬን እንኳ በጋቢያቸው ጠቅልለውልኝ ሳለ፣ እኔ በልቤ እወቅሳቸው ነበር። ለአባቴ ምን ይዤ ልመለስ?

በማግስቱ ጠዋት አመዳዩ እርሻውን ሁሉ አንጥቶት ነበር። አያ ቢሻው መንገድ ድረስ ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡ። ዱላቸውን ይዘዋል፤ በጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። ስንቅ ነው ብዬ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ መኪና ስንጠብቅ ጭላዳ የሚባሉት የደጋ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ በአጠገባችን አለፉ። አንዲቱ ልጇን አዝላ ቆማ አየችን። አያ ቢሻው እነሱን እያዩ ነው የተናገሩት።

«ሰይድ ለቅሶ አልመጣሁም ብሎ ነው እንቅልፍ ያጣው?»

«አዎ፣ አያ ቢሻው። ምን ፊት ይዤ እያለ ነው።»

«እኔ ደግሞ እንዳይመጣ እጸልይ ነበር» አሉ።

ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ወጭቱ ነው።

«ለተዝካሯ አገር ሞልቶ መጣ» አሉ። «ዕቃ አለቀ። ሴቶቹ ከየጎረቤቱ ለቀሙ፣ አልበቃም። ሥጋ ወጡ ሲዞር ቀና ብል አንድ የሩቅ እንግዳ የሰይድን ወጭት ይዞ ይበላል። ማን እንዳወረደው እስካሁን አላውቅም። ከለቀስተኛ እጅ ምግብ ይነጠቃል እንዴ? ዝም አልኩ። በኋላ በአመድ ፈተግኩት፣ ምንጭ ወስጄ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ሸክላ ግን የገባበትን ይጠጣል። ምን ቢያጥቡት ይጠጣል።»

«ሌላ ወጭት አይገዙም ነበር?»

«ሌላ ሰቅዬ እሷ ያሟሸችው ነው ልበለው? አባትህ ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። አንተም ትናንት እንደዚያው አደረግህ። ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ዝም ብዬ በረከሰ ዕቃ ላብላው? ሳይመጣ ሲቀር፣ እግዜር ያውቃል፣ እፎይ አልኩ። ወዳጄ ስላልመጣ እፎይ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ። አክስትህን ገበያ ሳይ የምሸሸው ያን እፍረት ነው።»

ትናንት በልቤ ያልኳቸውን ሁሉ ብነግራቸው ደስ ባለኝ። «እና አውፍ ይሉታል?» አልኩ።

«አውፍ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ! ይህ በሰው የሚላክ ቃል አይደለም። እሄዳለሁ። ይሰበር ካለ ራሱ ይስበረው።»

«ሦስት ቀን ነው እኮ፣ አያ ቢሻው።»

«እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነበር» አሉና ለመጣው መኪና ዱላቸውን አነሡ።

ጎንደር ላይ አክስቴ ዘይነባ በሩን ስትከፍት ሁለቱ ፊት ለፊት ተያዩ። አያ ቢሻው ራሳቸው ሁሉንም ነገሯት። አክስቴ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ምስር ሠራችልን። እኔ ፒያሳ ሄጄ ጅማ፣ ጎረቤታችን ወዳለው ሱቅ ስልክ ለመደወል ከሰዓቱን ሙሉ ተሰለፍኩ። መስመሩ አልያዘም። ስለዚህ ስንነሣ አባቴ መኖሩንም አላወቅኩም።

የመልሱን ጉዞ ቀን በቀን ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን በትዝታዬ ሦስቱም አንድ ቀን ሆነውብኛል። አያ ቢሻው ከደባርቅና ከጎንደር ሌላ አገር አይተው አያውቁም። ወጭቱን በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ይውጣ ቢባሉ እሺ አላሉም። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ገልጠው፣ «ምን ነበረበት?» ሲሏቸው «ባዶ ነው» ይላሉ፤ «ታዲያ ለምን ታቅፈውታል?» ሲሏቸው ደግሞ «ለባለቤቱ ላደርስ ነው» ይላሉ። ፈታሾቹ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

ከሁሉ የበለጠው የመስኮቱ ጠብ ነው። ደጋ ላይ ከነፋስ ጋር ያረጁ ሰው ናቸውና አውቶቡስ ውስጥ መታፈን አልቻሉም። ከፈቱት። እንደ ልማዱ «ይዘጋ! ይመታናል!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«ነፋስ ሰው የሚመታ ቢሆን ኮሶዬ ላይ ማን ይተርፍ ነበር?» ብለው መለሱ።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ለአንድ ሰዓት ያህልም ተከፍቶ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያለ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም። የጎጃም ማሳ ሽታ ገባ፣ የጤፉ አረንጓዴና ቢጫ ገባ፣ አንድ ቦታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ገባ። አያ ቢሻው አንድ እጃቸውን በወጭቱ ላይ፣ አንዱን መስኮቱ ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያያሉ። «ሸጋ አገር ነው» አሉ። ቀጥሎም በዝግታ፣ «እሷም ብታየው» አሉ።

የጊቤን በረሃ ተሻግረን ጫካው ሲጀምር ከወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ስመለስ ደስ የሚለኝ አረንጓዴው ነበር፤ ያን ቀን ግን በየመታጠፊያው የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፈራችን ስደርስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ይሆን? አያ ቢሻውም ሳይጠይቁኝ ገባቸው መሰል፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ጥቅል ጠበቅ አደረጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጅማ መናኸሪያ ወረድን። ጭቃ ነበር፤ ጅማ መቼ ጭቃ አጥታ ታውቃለች። አያ ቢሻው ተንሸራተው በእኔ ላይ ተደገፉ፤ ወጭቱን ግን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ነበር።

ድንኳን የለም። እናቴ በሩ ላይ ቡና እያሰጣች ነበር። ከእኔ ኋላ ያለውን ሰው አየችና እጇ ላይ ያለው ቡና ፈሰሰ።

አባቴ ፍራሹ ላይ በግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። አያ ቢሻው ሲገቡ ሊነሣ ሞከረ፣ አቃተው። ሁለቱ ተቃቅፈው ስለ ወይዘሮ ውድነሽ አለቀሱ። እኔም፣ እናቴም፣ የግቢያችን ልጆችም አለቀስን፤ ያ ለቅሶ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነበር።

«አውፍ በለኝ» አለ አባቴ።

«አንተ ቅደምልኝ» አሉ አያ ቢሻውና ወጭቱን አውጥተው ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። ተዝካሩን፣ እንግዳውን፣ አመዱን፣ ምንጩን ነገሩት። «ሸክላ ይጠጣል፣ ሰይድ። ስበረው» አሉ።

አባቴ ወጭቱን አነሣው። አዞረው። የጎደለውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰው።

«ሰውየው ጠግቦ ነበር?» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«በዚህ የበላው።»

አያ ቢሻው ግራ ገባቸው። «ከዳባት ማዶ ነው የመጣው፤ እርቦት ነበር። በጣቱ ጠርጎ ነው የበላው።»

አባቴ ወጭቱን ደረቱ ላይ አስጠጋ። ትንፋሹ ሲረዝም አየሁ።

«እንግዲያው ለቅሶዋ ደርሻለሁ» አለ። «እኔ ሳልኖር ዕቃዬ ወርዶ እንግዳ አስተናግዷል። ሐዘን ቤት ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል፣ ቢሻው?»

አያ ቢሻው አጠገቡ ቁጭ አሉ። አባቴ ወጭቱን እንዳቀፈ ዓይኑን ከደነ፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ወደ ወዳጁ ትከሻ ዘመመ። እናቴ ደንግጣ ቀረበችና ትንፋሹን ሰማች። ተኝቷል።

ከውጭ የከሰዓት ነፋስ መጋረጃውን ያነሣ ነበር። አያ ቢሻው ትከሻቸውን እንዳያነቃንቁ ተጠንቅቀው፣ ረጅሙን እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱን ዘጉ።